የእርሻ ኮሊ ምን ዓይነት ውሻ ነው? ጅማ ላይ የቤተሰብ ውሻ ለማራባት ለሚያስቡ

ጅማ ላይ ቡችላ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ዘሩ ምንድን ነው?" ነው። ቀጥሎ ፎቶ ይላካል፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ይገባል። በቴሌግራም የሚለቀቁትን ማስታወቂያዎች ብታዩ ስለ ጆሮ፣ ስለ ፀጉርና ስለ ቁመት ነው የሚያወሩት። እናቱ ልጅ ሲቀርባት ምን ታደርጋለች? አባቱ ዶሮ ያሳድዳል? ይህን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ለቤተሰብ የሚሆን ውሻ ግን የሚታወቀው በዚህ ነው። ጉዳዩን ለማስረዳት "የእርሻ ኮሊ" ከሚባለው ውሻ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የዚህ ውሻ ታሪክ በመልክ መምረጥ የት እንደሚያደርስ፣ በሥራ መምረጥ ደግሞ የት እንደሚያደርስ ጎን ለጎን ያሳያል።

የእርሻ ኮሊ የሚባለው የቱ ነው?

ኮሊ ከስኮትላንድና ከሰሜን እንግሊዝ ገጠር የወጣ የእረኛ ውሻ ነው። የድሮ ገበሬ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ውሻ ማኖር አይችልም ነበር። አንዱ ውሻ ሁሉንም ይሠራል። በጎቹን ከተራራ ይሰበስባል፣ ላሞቹን ለአለባ ያመጣል፣ ዶሮዎቹን ከቀበሮ ይጠብቃል፣ አይጥ ይገድላል። እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል። ቀሪውን ጊዜ ከልጆች ጋር ይውላል።

ስደተኞች ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ ይህን ውሻ ይዘውት ሄዱ። እዚያ ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ "እንግሊሽ ሼፐርድ" የሚባለው ነው። ዩናይትድ ኬኔል ክለብ የተባለው የአሜሪካ የውሻ ዘር መዝጋቢ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1927 እውቅና ሰጠው። መካከለኛ ቁመና አለው፤ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 27 ኪሎ ነው። ቀለሙ ቡናማ ከነጭ፣ ጥቁር ከነጭ ወይም ባለ ሦስት ቀለም ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አፍንጫው ረጅም፣ ፀጉሩ እንደ ጋቢ የሚወርደው ኮሊ ከየት መጣ?

ከውድድር ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1860 እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም ከተማ በተካሄደው የውሻ ትርኢት ላይ የስኮትላንድ የእረኛ ውሾች የራሳቸው ምድብ ተሰጣቸው። በዚያው አሥር ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ በስኮትላንዱ ባልሞራል ቤተ መንግሥቷ እነዚህን ውሾች ወደደቻቸው። ንግሥቲቱ የወደደችውን ሀብታሙ ሁሉ ፈለገው። ከዚያ በኋላ የሚያሸልመው የራስ ቅርጽና የፀጉር ብዛት ሆነ። ራሱ እየጠበበ፣ አፍንጫው እየረዘመ፣ ፀጉሩ እየበዛ ሄደ። ከብት የመጠበቅ ችሎታውን ግን ዳኛ ፊት የሚመዝነው አልነበረም።

ሌላው ቅርንጫፍ በተቃራኒው ለአንድ ሥራ ብቻ ተሳለ። እ.ኤ.አ. በ1893 በሰሜን እንግሊዟ ኖርዘምበርላንድ አዳም ቴልፈር ከሚባል ሰው ዘንድ "ኦልድ ሄምፕ" የተባለ ውሻ ተወለደ። በጎችን በዝምታ፣ በዓይኑ ብቻ ይነዳ ነበር። የዛሬው ቦርደር ኮሊ ዘሩ ሲቆጠር ወደ እሱ ይደርሳል። ቦርደር ኮሊ በበግ ሥራ ወደር የለውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ይፈልጋል፣ ጸጥ ያለ ቤት አይበቃውም።

የእርሻ ኮሊ የሚባለው እንግዲህ ወደ ትርኢቱም ወደ በግ ሥራው ብቻም ያልሄደው፣ ገበሬው ግቢ የቀረው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከብትም ዶሮም አብሮ የሚያረባው አነስተኛ እርሻ ሲቀንስ የውሻውም ቁጥር ተመናመነ። ዛሬ የቆየው ጥቂት ቤተሰቦች እየፈለጉ፣ እየመዘገቡ ስላራቡት ነው።

በሥራ መምረጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ለጅማ ሰው በቡና ማስረዳት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ያጠቁረዋል። መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታው በበረታባቸው አካባቢዎች ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች እየለዩ ዘር ሰበሰቡ። ገበሬው ዛሬም በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበትን ዓመት 1974ን ያመለክታል። እነዚያ ዛፎች የተመረጡት ስላማሩ አይደለም። በሽታው መሃል ቆመው ስላፈሩ ነው። ምርጫው የተቻለው ደግሞ ጫካው ውስጥ ብዙ ዓይነት ቡና ስለነበረ ነው።

የእርሻ ኮሊም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ ጆሮው የቆመ፣ ሌላው የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል። ገበሬው የሚያስቀረው ላም የሚያመጣለትን፣ ጫጩት የማይነካውንና ልጅ ጆሮውን ሲጎትተው ተነስቶ የሚሄደውን ነው። የሚነክስ ውሻ አይራባም። ይህ በብዙ ትውልድ ሲደጋገም ጠባዩ ይጸናል፣ መልኩ ግን እንደተለያየ ይቀራል።

ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ጠባይ አለው?

ሥርዓት ይወዳል። የት መተኛት እንዳለበት፣ ዶሮዎቹ የት ድረስ መሄድ እንደሚችሉ፣ በር የሚያንኳኳው ሰው የታወቀ መሆን አለመሆኑን በፍጥነት ይይዛል። ከዚያ ራሱ ማስከበር ይጀምራል። ሁለት ፍየሎች ሲጣሉ መሃላቸው የሚገባ ዓይነት ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ቁርጭምጭሚቱን ለቀም ሊያደርግ ይችላል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ከብት የሚነዳበት መንገድ ነው። ቢሆንም ልጅ ላይ መፈቀድ የለበትም፤ ገና ቡችላ ሳለ ጨዋታውን ማቆምና ሌላ ሥራ መስጠት ያስፈልጋል።

በእኛ ከተማ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ታስሮ የሚውል ውሻ ሰው አይለምድም፤ የሚመጣውን ሁሉ እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል። "ኃይለኛ ነው" የምንለው ውሻ ብዙ ጊዜ የፈራ ውሻ ነው። ለኮሊ ደግሞ ሰንሰለት ከሁሉም ይከፋበታል፣ የተፈጠረው ከሰው ኋላ ኋላ ሲል ለመዋል ነውና። አጥር የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይኖርበት ግቢ ካላችሁ ይህን ዓይነት ውሻ ባትይዙ ይሻላል።

"የቤተሰብ ውሻ" ማለት የግድ ሳሎን የሚገባ ማለት አይደለም። ጅማ ውስጥ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ውሻ ደጅ ነው የሚያኖሩት። በእስልምና ለእርሻ፣ ለከብት ጥበቃና ለአደን ውሻ መያዝ ይፈቀዳል። ደረቅ መኝታ፣ ዕለታዊ ሥራና የሚያውቀው ሰው ካለው ውሻው ደጅ ሆኖም የቤተሰቡ ነው።

ኮሊ ባላገኝስ?

ብዙዎቻችሁ አታገኙም። ማግኘትም ግዴታ አይደለም። ወደ ማና ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ገጠር ወጣ ብትሉ በቆሎ ሲደርስ ማሳ የሚጠብቁ ውሾች ታያላችሁ። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ያባርራሉ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት። ልጆች ማማው ላይ ወንጭፍ ይዘው ሲጮሁ ውሻው ከታች የትኛው ጥግ እንደተነካ ያውቃል። ቤት ሲመለስ ያው ውሻ ከጥጃው ጎን ይተኛል። "የሐበሻ ውሻ" ብለን የምናቃልለው ይህንን ነው። የአካባቢውን መዥገርና ዝናብ ለምዷል። ኮሊ የተገኘበት የአመራረጥ ዘዴ እሱም ላይ ይሠራል። ከልቤ የምመክረው ይህንን ነው።

እናትና አባት እንዴት ይመረጣሉ?

ሁለቱም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሙላቸው። ከዚያ በፊት ጠባያቸው አልጸናም፣ የዳሌ አጥንታቸውም ችግር እንዳለበት በደንብ አይታወቅም። የሚፈራ ወይም ያለ ምክንያት የሚነክስ ውሻ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አይራባ። ፍርሃት ይወረሳል። ቡችሎቹ የፈራች እናታቸውን እያዩ ሲያድጉ ደግሞ ይብሳል።

ወንድምና እህት፣ አባትና ልጅ ማዳቀል አይገባም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቡችላ ለእያንዳንዱ ባሕርይ አንድ ቅጂ ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ ይወርሳል። አንዳንድ በሽታ የሚወጣው ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ብቻ ነው። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ውሻ ጤነኛ ይመስላል፣ ግን ተሸካሚ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ እያንዳንዱ ቡችላ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው። ዘመዳሞች ደግሞ ያንኑ የተበላሸ ቅጂ የመሸከም ዕድላቸው ሰፊ ነው። በኮሊዎች ላይ በብዛት የሚታየው የዓይን ጀርባ በሽታ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው።

አይቨርሜክቲን ለምን ያስፈራል?

ይህን ክፍል ኮሊ ወይም የኮሊ ክልስ ያለው ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። አይቨርሜክቲን ገበሬው በሙሉ የሚያውቀው መድኃኒት ነው። ለከብት ትል ይወጋል፣ ለበግ እከክ ይወጋል። ውሻ ሲያክከውም "ትንሽ እንውጋው" ይባላል።

አንጎል መርዛማ ነገር ሲገባበት መልሶ የሚያስወጣ መከላከያ አለው። በብዙ ኮሊዎች ይህን መከላከያ የሚሠራው ጂን ተበላሽቷል። ስሙ ኤምዲአር1 ይባላል። ችግሩን እ.ኤ.አ. በ2001 ያገኙት የአሜሪካው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ካሉት ለትርኢት ከሚራቡት ኮሊዎች ከ10 ወደ 7ቱ ቢያንስ አንድ የተበላሸ ቅጂ አላቸው። በእንግሊሽ ሼፐርድና በቦርደር ኮሊ ያነሰ ቢሆንም አለ። ለከብት በሚሰጠው መጠን ሲወጋ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ይከማቻል። ውሻው ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ማየት ሊያቆም ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱን የተወጋ ከብት ወይም ፈረስ ፋንድያ መብላት እንኳን ሊጎዳው ይችላል።

ስለዚህ የኮሊ ደም ያለበትን ውሻ የከብት አይቨርሜክቲን አታስወጉ። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱም አስቀድማችሁ "ኮሊ አለበት" በሉ። ሌላ መድኃኒት አለ።

ከድራት እስከ ወሊድ ምን ይሆናል?

ሴት ውሻ በአብዛኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ትደራለች። ድራቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። መጀመሪያ ደም ይታያል፤ ወንድ የምትቀበለው ብዙ ጊዜ ከ9ኛው ቀን በኋላ ነው። ደሙ ቀነሰ ብሎ በር የሚከፍት ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ዋናው ጊዜ ገና ያኔ ይጀምራልና። የአንድ ወሊድ ቡችሎች ከተለያዩ አባቶች ሊሆኑም ይችላሉ። ጅማ ሰፈር ውስጥ ውሻ እንደልቡ ስለሚዞር ሦስቱንም ሳምንት ዝግ ቦታ ማኖር ያስፈልጋል።

እርግዝናው 63 ቀን አካባቢ ነው። ከመውለዷ በፊት ባለው አንድ ቀን ውስጥ የሰውነት ሙቀቷ ከ37 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ በቴርሞሜትር ይታወቃል። እያማጠች ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት አልፎ ቡችላ ካልወጣ ሐኪም ይጠራ። ከወለደች በኋላ የምትንቀጠቀጥና የምትንገዳገድ ከሆነ ካልሲየሟ ወርዷል ማለት ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም።

ቡችሎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም። የጅማ ክረምት ዝናቡም ብርዱም የሚታወቅ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ መኝታ ከሌለ በሐምሌ ማስወለድ ቡችላ መግደል ነው።

ለምን ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ይበልጣል?

ዓይናቸው በ10 እና በ14 ቀን መካከል ይከፈታል። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ዓለምን ማወቅ ይጀምራሉ። ከዚያ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያዩትንና የሰሙትን "ይህ የተለመደ ነው" ብለው ይመዘግቡታል። ጊዜው ካለፈ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራቸዋል፣ ማስለመዱም ብዙ ድካም ይጠይቃል።

የጅማ ቡችላ ምን ይልመድ? ባጃጅ፣ አዛን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ቡና ሲወቀጥ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ነጠላ የለበሰ፣ ሂጃብ ያደረገች፣ ጢም ያለው፣ በምርኩዝ የሚሄድ። ልጆች ቁጭ ብለው ይያዙት እንጂ ቆመው አይሸከሙት። ዶሮና ፍየል በአጥር በኩል ይይ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ቡችሎቹ ሲጫወቱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ የብረት ድስት ክዳን ጣሉ። ሁሉም ይደነግጣሉ፣ ያ ጤናማ ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን ተመልከቱ። አንዱ ጥግ ገብቶ አይወጣም። አንዱ እየጮኸ ይመጣል። ሌላው ትንሽ ቆሞ አይቶ፣ አንገቱን አስግጎ ያሸትተዋል። ልጆች ላሉበት ቤት የምመርጠው ይህን ሦስተኛውን ነው።

ከእናቱ መለየት ያለበት 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። በ5ኛው ሳምንት የሚሸጥ ቡችላ ንክሻ ምን ያህል እንደሚያም ከወንድሞቹ አልተማረም። ጥርሱን መቆጣጠር ሳያውቅ ነው ልጆቻችሁ መሃል የሚገባው።

ምን ይብላ? ምንስ አይብላ?

ገንፎ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የተረፈ እንጀራ ጥሩ ነው። ወጥ ግን አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ቡናም መርዙ ነው። በቅቤ የተቆላ ቡና ሽታው ስለሚስበው ራቅ አድርጉት፣ አተላውንም ግቢ አትድፉ።

በአረፋና በፋሲካ በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ሲገኝ "ለውሻው" ተብሎ ይወረወራል። ይህ በጣም አደገኛ ልማድ ነው። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ልጅ በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ሲወስደው ያው ከረጢት የልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ሥጋ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ቡችሎችም ወስፋት ይዘው ስለሚወለዱ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ የትል መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ምን ማወቅ አለብኝ?

ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ውሻም አይድንም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። መከላከያው ክትባት ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚለው ጊዜ። ቡችሎችን በብዛት የሚፈጁት ፓርቮና ዲስቴምፐር ደግሞ ሌላ ክትባት አላቸው፤ ከ6ኛው ሳምንት አካባቢ ተጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል። ጅማ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ስላላት ባለሙያ ማግኘት ከብዙ ከተማ ይልቅ ይቀላል።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀናት ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ሴቶቹን ቡችሎች ማን ይወስዳቸዋል?

ከማዳቀላችሁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ከ6 እስከ 8 ቡችላ ሊወለድ ይችላል። ወንዶቹ ሳይወለዱ ነው የሚለመኑት። ሴቶቹ በካርቶን ገበያ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ይህን ሁላችንም አይተናል፣ ሁሌም ያመኛል። ሴት ውሻ በጥበቃም ሆነ በልጅ ወዳድነት ከወንዱ አታንስም። የሚያሳስበው መውለዷ ከሆነ ማህፀኗን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ይቻላል።

የእርሻ ኮሊ የሚያራቡ ጥሩ አራቢዎች የሚከተሉት ልማድ አለ። ገዢዎቹን አስቀድመው ይመዘግባሉ፣ ቤታቸውን ይጠይቃሉ። ቡችላው በማንኛውም ዕድሜ ካልተፈለገ ወደ እነሱ እንዲመለስ ይስማማሉ። ጅማ ላይም ይህ በአንድ ገጽ ወረቀት ሊጻፍ ይችላል፤ የእናትና የአባት ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የተከተበው፣ የተሰጠው የትል መድኃኒት፣ የአራቢው ስልክ። ገዢ ከሆናችሁ ይህን ወረቀት ጠይቁ። እናቲቱንም ከነቡችሎቿ፣ የምትኖርበት ግቢ ሄዳችሁ እዩ። ሻጩ "ቡችላውን መንገድ ላይ ላምጣላችሁ" ካለ አትግዙ።